የአብዱሰመድ አንሶላ

አብዱሰመድ ግትር ሰው ነው። ይህን የምለው ጠልቼው አይደለም፤ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ግትርነቱን ከማንም በላይ የቀመስኩት እኔ ነኝ። እሱ የልጆች መጫወቻ ይሸጣል፣ እኔ ክርና ቁልፍ። ከወሎ የመጣው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ሸቀጥ በትከሻው ተሸክሞ ብዙ ከዞረ በኋላ ሱቅ ከፈተ። ጦርነቱ ሲመጣ ሚስቱን ጁዋይሪያንና ልጁን ረምላን ይዞ ደሴ ገባ፤ መንገድ ሲከፈት ደግሞ ብቻውን ተመለሰ።

ወንድሙ አብዱልወዱድ ደሴ ላይ የእህል መጋዘን አለው። «መቐለን ተዋትና ና፣ አብረን እንሥራ» ይለዋል በየስልኩ። ጁዋይሪያም እሱ እዚህ እሷ እዚያ መኖሩ ታክቷታል። በመጨረሻ ቃል አስገቡት፤ እስከ አረፋ ሱቁ ካልቆመለት ዘግቶ ይመለሳል፣ ከቆመለት እነሱ ይመጣሉ። እሱ መቐለን ይወዳታል። ሰው ሲጠይቀው ግን «ውሃው ተስማምቶኝ ነው» ብሎ ያልፋል።

ታዲያ ይህ ሰው ከአዲስ አበባ ያስመጣው ዕቃ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የፕላስቲክ ተዋጊዎች። ጭንብል ያጠለቁ፣ ጡንቻቸው ያበጠ፣ አንዱም ያለ ጠመንጃ የማይቆም። ከጦርነቱ በፊት ልጆች ይሻሙባቸው ስለነበር አሁንም የሚሻሙ መሰለው። ላኪው ነጋዴ ካርቶኑ እንዲሞላ ብሎ ጥቂት ከረጢት የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ጡቦች ጨምሮለት ነበር። እነሱን ከታችኛው መደርደሪያ ወረወራቸው። ተዋጊዎቹን በሩን እንደገቡ በሚታየው ግድግዳ ላይ በሙሉ ሰቀላቸው።

ማንም አልገዛም። እናቶች የልጆቻቸውን እጅ ጎተት አድርገው በማዶ በኩል ያልፋሉ። ሲጠራቸው «እንመለሳለን» ይሉታል፣ አይመለሱም። የእኛ ከተማ ሰው ነጋዴን ፊት ለፊት «ዕቃህን አልወደድኩትም» አይልም፤ ነውር ነው። እኔም ሰው እጅ አጥሮት ነው ብዬ ነበር። አረፋ እየቀረበ ሲመጣ አብዱሰመድ ከሳ። ምሳውን ትቶ በሩ ላይ ቆሞ መንገድ ያያል።

አንሶላው የመጣው በሶላት ምክንያት ነው። ሱቁን የሚጠብቅለት ስለሌለ የከሰዓቱን ሶላት፣ አሱርን፣ እዚያው ከባንኮኒው ጀርባ ይሰግዳል። ያ ግድግዳ ደግሞ ፊቱን አዙሮ በሚሰግድበት፣ በቂብላው በኩል ነው። ያ ሁሉ ፊት እያፈጠጠበት እንዴት ይስገድ? ስለዚህ ሶላት ሲደርስ ግድግዳውን ከደሴ ዕቃ ጠቅልሎ ባመጣበት ነጭ አንሶላ ይሸፍነዋል። ዳር ዳሩ አበባ የተጠለፈበት፣ ለዚህ ሥራ የማይገባ አንሶላ ነበር።

አንድ ቀን እሱ እየሰገደ ሳለ ፍሬወይኒ የምትባል የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ሰፊ ልጇን ይዛ ገባች። አንድ ነገር ሲዘረገፍ ሰምቼ ብቅ ስል ልጅቷ አንዱን የጡብ ከረጢት ወለሉ ላይ ገልብጣዋለች። እናትየው ሶላቱ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ይቅርታ ሓወይ፣ ልጅቷ ዘረገፈችብህ። እገዛዋለሁ።»

«ኧረ ግድየለም እህትየ» አለ አብዱሰመድ። «ግን አንቺ ወላሂ ሁልጊዜ በማዶ ነው የምታልፊው። ዛሬ ምን አስገባሽ?»

ፍሬወይኒ አንሶላውን አየት አደረገች። «እነዚያ ስለተሸፈኑ ነው። ልጄ አልጋ ሥር ተደብቃ የሰማችው ተኩስ ይበቃታል። ሌላ ጠመንጃ በገንዘቤ ገዝቼ ቤቴ አላስገባም።» ከዚያ ልጇን አይታ ፈገግ አለች። «ደግሞ አሻንጉሊት አንገቱ ከተሰበረ አለቀ። ይሄ ሲፈርስ እንደገና ይሠራል። ከሥራ ስመለስ እኔም አብሬያት እጫወታለሁ።»

አብዱሰመድ ጎንበስ ብሎ ጡቦቹን ወደ ከረጢቱ መለሰላት። እኔ የከተማው ልጅ ሆኜ ያላሰብኩትን እሱ ከየት ያስበዋል?

በማግሥቱ አንሶላውን አላወረደውም። ጡቦቹን ደጃፍ ላይ ደረደራቸው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ በማዶ ያልፉ የነበሩት እናቶች ተሻግረው መምጣት ጀመሩ። ግንበኛው ኣቦይ ኣረጋዊ ለልጅ ልጃቸው ገዝተው ወደ ቤት መሄዱን ረሱት፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ሲያቆሙ ዋሉ። ልጁ «የእኔ ነው» እያለ አጠገባቸው ያለቅሳል። አብዱሰመድ አዲስ አበባ ደውሎ ተዋጊዎቹን በጡብ ለወጣቸው።

የአረፋ ዋዜማ አብዱልወዱድ ደወለ። መቼ ነው የምትነሳው ሳይለው አልቀረም።

«ቆይ ወንድምየ፣ ሰው ገብቶብኛል፣ በኋላ ልደውልልህ» አለና ስልኩን ዘጋ። ገዢዎቹን ከሸኘ በኋላ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለ። «አልሐምዱሊላህ። አልሄድም እኮ» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔንም ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ጎረቤት ግትርም ቢሆን ይኑር።

ከበዓሉ በኋላ ጁዋይሪያ ረምላን ይዛ መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ባንኮኒው ሥር የተጣጠፈውን አንሶላ አየችው።

«ይቺን እኮ ደሴ ቤቱን ገልብጨ ፈልጌያታለሁ። የሠርጌን አንሶላ ሱቅ ውስጥ ሰቀልካት?»

አብዱሰመድ መሬት መሬቱን አየ። «እሷ ባትኖር እናንተም እዚህ አትመጡም ነበር» አለ።

ጁዋይሪያ አንሶላውን ዘረጋችው። ጥጉ ላይ ሚስማር የበሳውን ቀዳዳ ስታገኝ ከእኔ ነጭ ክር ወስዳ ጠቀመችው። ከዚያ አጥባ፣ ገመድ ላይ አድርቃ፣ እዚሁ መቐለ አልጋቸው ላይ አነጠፈችው።