ቀይዋና ቡናማዋ ጊታር፤ ከናዝሬት ሻሸመኔ ደርሶ መልስ

ዓርብ፣ ንጋት 11፡30፤ ናዝሬት

ጋሪዎቹ እንኳ ሳይወጡ ከናዝሬት ወጣን። የከድር ኤንትሬ የጭነት መኪና ሳሙናና ስኳር ጭኖ እያቃሰተ ይሄዳል። ጋቢና ውስጥ ሦስት ነን፤ ሾፌሩ ከድር፣ የክበባችን ባንድ ጊታር ተጫዋች በለጠ፣ እና እኔ ደምሴ፤ ማንም ሳያስተምረኝ የሬዲዮን ሆድ ዕቃ ያወቅሁ ሰው። ከመተሐራ እስከ ሞጆ እጄ ያልነካው ሬዲዮ ካለ፣ ገና አልተበላሸም ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ያኔ በደርግ ጊዜ ከያዝኩት ደብተር ላይ ነው።

የምንሄደው ጊታር ልንመርጥ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባንዱ በክበቡ አዳራሽ ሲጫወት፣ በለጠ የያዘው አሮጌ ጊታር እንደ ጥንዚዛ ከዘፈኑ በላይ ያጓራል። የክበቡ ኃላፊ እትዬ ሙሉ ቁርጡን ተናግረዋል። "በዚህ እሑድ ያ ጥንዚዛ ከተሰማ ባንዱን አሰናብቼ ቴፕ እከፍታለሁ።" የስድስት ሰው እንጀራ ያ መድረክ ነው። ልጆቹ አዋጥተው ዘጠኝ መቶ ብር አስጨበጡኝ፤ ለማን ይስጡ ታዲያ?

"ጋሼ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ወፍጮ ይሆን እንዴ የሚረብሸን?" አለኝ በለጠ።

"ወፍጮ ጤፍ ይፈጫል እንጂ ዘፈን አይፈጭም። ጊታርህ አርጅቷል፣ በቃ።"

በአዳራሹና በወፍጮው መካከል የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ የወፍጮው ድምፅ ለጆሮ እምብዛም አይሰማም። እኔም ነገሩን በዚያ ዘጋሁት።

ሞጆ ኬላ

ወታደሩ የቀበሌ ይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና ዓይኑን እግሬ ሥር ያለው ሣጥን ላይ ተከለ። በመኪና ባትሪ የሚሠራ ማጉያ ነው፤ ከሳሙና ሣጥን የሠራሁት።

"ጓድ፣ ይሄ ሁሉ ሽቦ ምንድን ነው?"

"ድምፅ ማጉያ። እኔው ነኝ የሠራሁት።"

"ማን ፈቀደልህ?"

"አእምሮዬ።"

ከድር በክርኑ ጎሸመኝ። ደግነቱ በለጠ ነገር ሳይከር አሮጌ ጊታሩን ሰካና የጎጃም ዜማ ጣል አደረገ። ለካስ ወታደሩ የዚያ አገር ልጅ ኖሯል። የኬላውን ገመድ ራሱ አነሳልን።

ረፋድ 3፡00፤ ዝዋይ

ቆቃንና መቂን አልፈን ዝዋይ ቁርስ። ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ፣ ዳጣ፣ ዳቦ፤ ለሦስታችን አራት ብር ከሃምሳ። ከዓሣ ቤቱ ጎን ተክሌ የሚባል ልብስ ሰፊ ሬዲዮውን በጥፊ ሲመታ አየሁት። አንጀቴ አልችል ብሎ ዓሣዬን ትቼ ሄድኩና አንዲት የላላች ሽቦ በይጄ ድምፁን መለስኩለት። ክፍያ አልተቀበልኩም። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ቀትር፤ አርሲ ነገሌ

እህል ነጋዴው ገመቹ የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ እየተሰዳደብን ነው የምንዋደደው።

"አካም ጅርታ፣ የሬዲዮ ሐኪም? አልሞትክም እንዴ?"

"አንተን ሳልቀብር?"

ቤቱን ተከራይቶ የነበረ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ትቶለት የሄደውን ጊታር አወጣ። ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከባድ። ከድር አንሥቶ "ጊታር ነው በር?" አለ። እኔ ጊታር ስመርጥ መጀመሪያ ጫፉን በጥርሴ ነክሼ ክሩን እመታለሁ፤ የእንጨቱ እውነት በመንጋጋ በኩል ይመጣል። የቡናማዋ እንጨት ጥሩ ነው። ከክሮቹ ሥር ያለውን ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ሙዚቀኞች ፒክአፕ ይሉታል፤ የእሷ መንታ ጥቅል ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ሞቃት፣ እንደ ገንፎ ቀስ ብሎ የሚወርድ። ገመቹ ዘጠኝ መቶ አለ።

"ሻሸመኔ አይቼ ልምጣ።"

9፡00 ሰዓት፤ ሻሸመኔ

ወንድም ዊንስተን ከካሪቢያን መጥቶ ከከተማው ዳር ከሰፈሩት አንዱ ነው። ጣቶቹን ቁርጥማት ይዞታል፤ ጊታሩን ሽጦ ቤቱን ቆርቆሮ ሊያለብስ ይፈልጋል።

"እሷ ልጄ ናት፤ አትጩህባት" አለው በለጠን፣ በዚያ በሚጎተት አማርኛው።

ቀይ ናት፤ ቀለሟ በክንድ መደገፊያው ላይ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። ፒክአፖቿ ነጠላ ጥቅል ናቸው። ነከስኳት። ጥርሴ ድረስ ዘፈነች። በከተማው መብራት ጠፍቶ ነበርና በእኔ ማጉያ ሞከርናት። እያንዳንዱ ክር ለብቻው፣ ጥርት ብሎ፣ እንደ ማለዳ ደወል። በለጠ ትዝታ ሲጫወት ዊንስተን ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረ።

"ዝምታዋንስ ሰማችሁ?" አልኳቸው፤ "ጥንዚዛ የለ፣ ምን የለ።" ዘጠኝ መቶውን ሰጥቼ ተጨባበጥን።

ቅዳሜ ጠዋት፤ እንደገና ነገሌ

ከድር ስንዴ ሊጭን መኪናውን ወፍጮ ቤት በር ላይ አቆመ። ስንዴውን የሚያስጭነውን ገመቹን ላስቀናው ብዬ ቀይዋን ሰካሁ። ማጉያዬ አጓራ። ያው ጥንዚዛ፣ የናዝሬቱ።

በለጠ ወደ ወፍጮው የኤሌክትሪክ ሞተር በአገጩ ጠቆመኝ። ለካስ ጥንዚዛውን የሚያመጣው ኤሌክትሪኩ ነው። ሻሸመኔ ዝም ያለችው መብራት ስላልነበረ ነው። ቡናማዋን አስመጥተን ሰካን፤ ጸጥ።

"መልክ አይተህ ገዛህ" አለ ገመቹ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። "ና ለውጠኝ፤ ጭማሪ አልጠይቅህም።"

በለጠ ቀይዋን ደረቱ ላይ ያዛት። "ጋሼ፣ ቡናማዋ ዝም ትላለች። ግን እኔንም ዝም ታሰኘኛለች።"

ልጁ በሕይወቱ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። ጠመንጃ መፍቻዬን አወጣሁና የቡናማዋን ፒክአፕ ፈታሁ።

"ከሰበርካት ገዛሃት" አለ ገመቹ።

ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሁለቱም ጥንዚዛውን ይይዛሉ፤ ግን ተቃራኒ ሆነው ስለተያያዙ የአንዱ ጩኸት የሌላውን ያጠፋዋል። ይኸው ነው ምሥጢሩ። ታዲያ ለቀይዋ ማግኔት የሌለው፣ ክሩን ሳይሆን ጥንዚዛውን ብቻ የሚይዝ ሁለተኛ ጥቅል ሠርቼ ሆዷ ውስጥ ብደብቅላትስ? ማንም አልነገረኝም፤ እዚያው ስንዴ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፤ ዝዋይ

ጥቅል ለመጠቅለል የሚሽከረከር ነገር ያስፈልጋል። ተክሌን ሬዲዮውን ከፍቶ እየሰፋ አገኘሁት። በስፌት መኪናው ላይ ክር የምትጠቀለልባትን ቦታ ለቀቀልኝ፤ ከሞተ ሬዲዮ ያወጣሁትን ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ አሰርኩባት። ተክሌ በእግሩ ይረግጣል፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ እመራለሁ። ሁለቴ ተበጠሰ፤ ሁለቴ በየድኩት።

ጥቅሉን አገናኝቼ፣ እንደ ሞተሩ ጥንዚዛ ከሚያመጣው ከሱቁ ሸምበቆ አምፖል ሥር ቀይዋን ስሞክራት ጥንዚዛው እጥፍ ሆነ።

ተክሌ ጆሮውን ያዘ። በለጠ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን አየና "ጋሼ፣ የአዲሱን ጥቅል ሁለት ጫፎች ቢያቀያይሯቸውስ?" አለ።

እኔም ልለው ስል ነው የቀደመኝ። አቀያየርኩ። ጸጥታው ሱቁን ሞላው። ድምፅዋ ጥቂት ደብዝዟል የሚል ካለ ጆሮውን ይታከም።

እሑድ፣ 9፡00 ሰዓት፤ ናዝሬት

አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ ሙሉ ካሴት ከተው፣ ጣታቸውን ቴፑ ላይ አድርገው ቆመዋል። በለጠ የመጀመሪያውን ዘፈን ጨርሶ እጁን ከክሮቹ ላይ አነሳ። የብርጭቆ ድምፅ ብቻ።

እትዬ ሙሉ ግራ ተጋብተው አዩኝ።

"ጥንዚዛው የት ሄደ? በለጠ የሚያማው ወፍጮ ዛሬ ቆሟል እንዴ ደምሴ?"

"ግድግዳውን ይንኩት።"

መዳፋቸውን በድንጋዩ ላይ አሳረፉ። ግድግዳው ይርገበገባል። ከዚያ ካሴቱን ከቴፑ አውጥተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

በለጠ ከመድረክ ሆኖ አይቶናል። ወደ እኔ ቀና አለና የቀይዋን ጫፍ በጥርሱ ነከስ አድርጎ ሁለተኛውን ዘፈን ጀመረ።