ለእናቴ የሚሆን ሞተር ፍለጋ፦ ከገረሴ እስከ ጫኖ

ሐሙስ ጠዋት፣ ከቤት

ከቤት የወጣነው ጉሙ ሳይነሳ ነው። እኔና አጎቴ ደምሴ ሞተር ልንገዛ ወደ አርባ ምንጭ መውረዳችን ነበር። አገር ለማየት ብወጣ እንዴት ደስ ባለኝ። የወጣሁት ግን እናቴን ሐኪም ቤት የሚያደርስ ነገር ፍለጋ ነው። እናቴን ልቧን ያማታል፤ አርባ ምንጭ የክትትል ቀጠሮ አላት። የእኛ መንደር ደግሞ ከገረሴ ከተማ በላይ ተራራው ላይ ስለሆነ መኪና አይደርስበትም።

ድሮ በሽተኛ የሚወርደው በቃሬዛ ነበር፤ የሰፈሩ ወጣት ተራ በተራ እየተቀባበለ ይሸከማል። አሁን ወጣቱ ለሥራ ቆላ ወርዶ ሰፈሩ ጭር ብሏል። በቃሬዛው ፋንታ ሞተር መጣ። ነጂው ከፊት፣ በሽተኛው መሃል፣ ደጋፊ ከኋላ ይቀመጡና በሽተኛው እንዳይወድቅ በነጠላ ከነጂው ወገብ ጋር ይታሰራል። ሕጉ ሞተር ላይ ሦስት ሰው አይጫንም ይላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የእኛን ዳገት መቼ አዩት!

እናቴን ያመላልሳት የነበረው ሞተረኛ ጂንካ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ገረሴ አስተማሪ ነኝ፣ ደመወዝ አለኝ፣ መንጃ ፈቃድም አለኝ። መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁት ግን ሜዳ ላይ በአሮጌ ጎማዎች መሃል ስዞር ከርሜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሞተር እጀታ ነክቼ አላውቅም። ይህን ብናገር ማን ይሰማኛል? ፈቃድ ያለው ሰው መንዳት ይችላል፣ አለቀ።

እዚህ እኛ ጋ ሰው ሞተር ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው መቀመጫውን ነው። አጎቴ ከመነሳታችን በፊት በነበረው ምሽት እኔን፣ እናቴንና አንዲት ጎረቤታችንን ረጅሙ አግዳሚ ላይ አንፈራጠው፣ አንዳችንን ከአንዳችን አጣብቀው አስቀመጡንና ከእኔ ጉልበት እስከ ጎረቤታችን ጀርባ በገመድ ለኩ። ልኩ ላይ ቋጠሮ አስረው ገመዱን ኮት ኪሳቸው ከተቱ። እናቴ ደክሟት ስለነበር ወዲያው ገብታ ተኛች።

ቁልቁለቱ

ገረሴ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆየን። አንዲት ሴትዮ ቤት ገብተን ኩርኩፋ በላን። የበቆሎው ዱቄት ድቡልቡል ከሽፈራው ቅጠል ጋር ትኩስ ሆኖ ሲመጣ ሌላ ቀን ቢሆን ጣቴን ያስቆረጥመኝ ነበር፤ ያን ቀን አልወረደልኝም። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ። አጎቴ ሊከራከሩ ሲሉ ነዳጁን በሃይላንድ ከመንገድ ላይ እንደገዛው ነግሮ አፋቸውን አስያዛቸው።

እንሰቱና ገብሱ ወደ ኋላ እየቀረ ወረድን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ሁለት ጊዜ አስወርዶ አስገፋን። ከአንድ መታጠፊያ በፊት መንገዱ ላይ ቅጠል ተጥሎ አየን፤ ከፊት አደጋ አለ ማለት ነው። አንድ ሞተር ገደሉ አፋፍ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ሰው የለም። የአንድ እግር ነጠላ ጫማ መንገዱ ላይ ቀርቷል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሞተሩ ላይ ሦስት ሆነው እንደነበር ጠዋት መስማቱን ነገረን። እኔ የጫሞን ሐይቅ ከታች እያየሁ፣ ነገ ተነገወዲያ እኔ ነኝ እዚህ የምነዳው እያልኩ መታጠፊያዎቹን እቆጥር ጀመር።

ሲቀላ፣ ከቀትር በኋላ

አርባ ምንጭ ሲቀላ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። የደጋ ሹራቤን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። የሰው ሰው ጠቁሞን የሄድንበት ነጋዴ ሸምሱ ይባላል፤ ከስልጤ መጥቶ እዚህ የከረመ፣ አዲስም ያገለገለም ሞተር የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ሰላምታ ሳይጨርሱ አጎቴ ገመዳቸውን አወጡ።

አጎቴ ከአንዱ ሞተር ወደ አንዱ እየዞሩ መቀመጫ ሲለኩ የሱቁ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያይ ነበር፤ እኔ በሀፍረት የምገባበት ጠፋኝ። በመጨረሻ ቋጠሮው ልክ የመጣላቸው ትልቁ ጥቁር ሞተር ላይ ሆነ። ጎማው ወፍራም፣ ጉልበቱ ለዳገት፣ መቀመጫው እንደ አልጋ የተዘረጋ። አጎቴ ደስ ብሏቸው «ይሄ ነው» አሉ። ሸምሱ ግን ማን እንደሚነዳው ጠየቀ። አጎቴ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ውጪበት አለኝና ወጣሁ። የጫማዬ ጫፍ ብቻ ነው መሬት የነካው። ሸምሱ እግሬን አየና ፊቱ ጨለመ።

«ቲቸር፣ ልሸጥልሽ እችላለሁ፤ ትርፉም ያለው እዚህኛው ላይ ነው» አለኝ። «ግን የሸጥኩላቸውን ሰዎች ልቅሶ መድረስ ታክቶኛል።»

ለጀማሪ የሚሆነውን በአጭሩ ነገረኝ። ሁለቱም ተረከዝ መሬት ይርገጥ፤ ሲወድቅ ብቻሽን የምታነሺው ይሁን፤ ቢጫር የማያስለቅስ ያገለገለ ይሁን፤ መለዋወጫ ዕቃው ገረሴ የሚገኝ ይሁን። እንዲህ ያለ አንድ ትንሽ ቀይ ሞተር ጥግ ላይ ነበረው። አጎቴ ለኩት። ቋጠሮው ከመቀመጫው አልፎ አየር ላይ ቀረ። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እኔ ስለምለምደው ትልቁን እንድሞክር ጠየቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልምደው ይሆናል ብዬ ነበር፤ እናቴን ቤት ትቼ ባዶ እጄን መመለሱ ነው የታየኝ።

ጫኖ

ለመሞከር ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ጫኖ ሄድን። ሸምሱ ሞተሩን ነድቶ፣ እኛ በባጃጅ ተከተልነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሙዝ እርሻዎች መሃል ደልዳላ የአፈር መንገድ አለ፤ በዳርና ዳሩ የመስኖ ቦይ ይሄዳል። መጀመሪያ ብቻዬን ነዳሁ። ቀጥ ባለ መንገድ ይሄዳል፣ ምን አለበት! ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

ከዚያ አጎቴ ከኋላ ወጡ። ጭነት ያስፈልጋል ብለው ነው፤ በሐሳባቸው እናቴ መሆናቸው ነበር። የመንገዱ ጫፍ ደርሰን ዞረን ስንመለስ ሙዝ የጫነ የአህያ ጋሪ መንገዱን ይዞ መጣ። ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ ቆመ፤ እግሬን ሰደድኩ፤ መሬቱ የለም። ክብደቱ ወደ ግራ ሲያደላ ተሰማኝ። ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም፣ ዝም ብዬ አብሬው ሄድኩ። ሦስታችንም፣ እኔ፣ አጎቴና ሞተሩ፣ ቦዩ ውስጥ ገባን።

እኔ ከጭቃው በቀር ምንም አልሆንኩም። አጎቴ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሞተሩን ላነሳ ብታገል አልነቃነቅ አለኝ፤ ባለጋሪውና ሸምሱ ተረባርበው ነው ያወጡት። ቆሜ ሳያቸው ሌላ ነገር አልታየኝም፤ እናቴ ናት ወገቤ ላይ ታስራ ቦዩ ውስጥ የታየችኝ። እንኳን በቦይ፣ በዚያ በጠዋቱ መታጠፊያ ቢሆንስ?

ማታ አሳ ቀርቦልን አጎቴ በወጉ አልቀመሱም። ጉልበታቸው አብጧል፤ ያሳሰባቸው ግን እሱ አልነበረም።

«ትንሹን እንግዛ እሺ። እናትሽ ታዲያ በምን ልትወርድ ነው?»

ዳጣውን፣ የተፈጨውን ቃሪያ፣ በእንጀራ እነካካ ጀመር።

አርብ፣ መመለሻ

ጠዋት ሸምሱን ትንሹን ሞተር ካርቶን ላይ እንዲያስተኛልኝ ለመንኩት። ጎንበስ ብዬ እጀታውን ያዝኩና አነሳሁት። ከበደኝ፣ ግን ተነሳ። አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ። እኔ ደስ አላለኝም፤ በእናቴ ላይ የፈረድኩ መሰለኝ። ሊብሬውን አይተን፣ ፍሬኑንና መብራቱን ፈትሸን ገዛን። የራስ ቁር ስገዛ ሸምሱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት።

ያንን ዳገት በመጀመሪያ ቀኔ ልነዳው እብድ አይደለሁም። ወደ ገረሴ ሸቀጥ የሚወስድ አይሱዙ ላይ አስጫንነው፤ እኛም ከስኳር ጆንያዎቹ ጋር ወጣን። ከገረሴ እስከ መንደራችን ያለውን ግን ነዳሁ። አጎቴ ከኋላዬ ለመቀመጥ እምቢ አሉ። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው በእግራቸው መጡ፤ ሞተሩ ጭቃው ላይ እየጠፋብኝ ስቆም ሁለት ጊዜ አልፈውኝ ሄዱ።

ቤት

እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ደጅ ተቀምጣ አገኘናት። ሞተሩን አየችው፤ ትንሽነቱም ገባት። ሳትጠይቀኝ ማስረዳት ጀመርኩ፦ ትልቁ ከበደኝ፣ እግሬ መሬት አልደረሰም፣ ወደቅን፣ አጎቴም ይኸው ያነክሳሉ። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«እኔ እኮ ከእንግዲህ አልወርድም» አለች።

ያኮረፈች መስሎኝ ልለምናት ስል በእጇ አስቆመችኝ። ባለፈው ወር ስትወርድ ከፊት የነጂው ጀርባ፣ ከኋላ የደጋፊዋ ደረት አጣብቋት፣ በነጠላ ታስራ፣ ትንፋሽ እያጠራት መንገዱን ሙሉ ሞቷን ስትለምን እንደሄደች ነገረችን። ያኔ ቤት ስትመለስ የደከሙላትን ሰዎች ላለማስቀየም ዝም ብላለች። በሽታውንስ ለምጄዋለሁ፣ ያልቻልኩት መንገዱን ነው አለች። አጎቴ የሚያዩበት አጥተው ወደ ጓሮ ዞሩ።

እኔ ተናደድኩ። አጎቴን ለዚያ ጉልበት፣ እኔን ለዚያ ቦይ ያበቃን ለማን ተብሎ ነው? ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም ብዬ ጮህኩባት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች፤ ቁጣ የለባትም። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

አሁን ሞተሩን ለምጄዋለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ ለጀማሪ የሚሆነው የቱ ነው ብለው የሚጠይቁኝ ባልደረቦች አሉ። እግራችሁ መሬት የሚረግጥበትን፣ ሲወድቅ ብቻችሁን የምታነሱትን ግዙ እላቸዋለሁ። ለሌላ ሰው ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት እላለሁ። ይህን ስል ለምን እንደሆነ አልነግራቸውም።

በቀጠሮዋ ቀን አሁን ሞተሬን ገረሴ አቁሜ፣ በመኪና ብቻዬን እወርዳለሁ። እግሯ አብጦ እንደሆነ፣ ሌሊት ተኝታ እንደሆነ ለሐኪሙ እናገራለሁ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ይጽፍልኝና ሳላያት እንዲህ መቀጠል አይቻልም፣ በሚቀጥለው ይዘሻት ነይ ይለኛል። እንደ ባለፈው ሁሉ እሺ እለዋለሁ።