ንጉሡ ሠ ያለበት ዘይት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የፒካፑን ዘይት ለውጦ ባዶውን ጀሪካን ደጃፍ ጥሎት ሄደ። ለላምባ ይሆነኛል ብዬ ሳነሣው ጽሑፉ ላይ ዓይኔ ዐረፈ። አሥራ አምስት፣ ከዚያ ንጉሡ ሠ፣ ከዚያ አርባ። ያቺ ፊደል የፈረንጅ ናት፣ ስሟም ሌላ ነው ይላሉ የተማሩት። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ እንጃ። ለእኔ ንጉሡ ሠ ናት፤ አባቴ እንደዚያ ብሎ ነው ያስቆጠረኝ። ጀሪካኑን እንደያዝኩ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው አባቴ ትዝ አለኝ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ደባርቅ ያደጋችሁ አባቴን ሳታውቁት አትቀሩም። አሮጌ ሰማያዊ ፒካፕ ነበረችው። ወደ ላይ ቡይት ራስ ወጥቶ ገብስ ይጭናል፤ ወደ ታች ሊማሊሞን ተጠማዝዞ ወርዶ ከዛሪማ ቆላ ማሽላ ያመጣል። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ ቅኔ ቤት ሊገባ ሲል ነው መኪና ልቡን የወሰደው። የመኪና መሪ ስለያዘም ከተማው «መሪጌታ» አለው። ጠላ ቤቱ ደጃፍ ስናልፍ «መሪጌታ! ዛሬ ማሕሌቱ በስንት ሰዓት ይቆማል?» ይሉታል። እሱም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ናፍጣ ከተገኘ በአራት ሰዓት!» ይላል። ይስቃሉ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ፣ ምኑ እንደሚያስቅ ሳላውቅ እስቃለሁ።

የአባዬ ካፖርት ናፍጣ፣ የገብስ ገለባና የተቃጠለ ዘይት ይሸት ነበር። እኛ የሰፈሩ ልጆች ከዘይት ቆርቆሮ ክዳን ጎማ እየሠራን የጭቃ መኪና እንነዳለን። ፊደል የቆጠርኩትም በዚያችው ፒካፕ ላይ ነው፤ አቧራ የለበሰው በሯ ሰሌዳ ሆኖልኝ። አባዬ በጣቱ ይጽፋል፣ እኔ እጠራለሁ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አንድ ቀን ሱቅ ወስዶኝ በርሜል ላይ የተጻፈ አሳየኝ፤ ሃያ፣ ንጉሡ ሠ፣ ሃምሳ። «አየሽ፣» አለኝ፣ «ከንጉሡ ፊት የቆመው የብርድ ቁጥር ነው፣ ከኋላው ያለው የሙቀት። ፊተኛው ሲያንስ ዘይቱ በውርጭ አይረጋም። ንጉሥ የሌለበት ግን አንድ ጠባይ ብቻ ነው ያለው፤ ቆላ ለሚያድር ነው እንጂ ለእኛ አይሆንም።» ሁልጊዜ የሚናገራት ነገርም ነበረችው፦ «መኪና በማደሪያዋ እንጂ በመዋያዋ አትቀባም።» ዛሪማ ብትውልም ደባርቅ ነው የምታድረው ማለቱ ነበር። እኔ በቃሌ ያዝኩት እንጂ አልገባኝም።

ዐሥር ዓመቴ ላይ፣ በታኅሣሥ፣ እማዬ ወሯ ገብቶ ነበር። ከእኔ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይታ፣ ስንት ስለት ተስላ ያገኘችው ፅንስ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ሆዷን አይተው «ወንድ ነው፣ ምን ጥርጥር አለው» ብለዋል። አባዬም መኪናዋ ለማንኛውም ዝግጁ ትሁን ብሎ ዘይቷን ሊለውጥ ከሥሯ ገባ። አሮጌውን እያፈሰሰ እኔን ጀሪካን አስይዞ ላከኝ። «ንጉሡ ሠ ያለበትን ስጠኝ በይው። እንዳትረሽ።»

ባለሱቁ ጋሽ ዓለሙ ሁለት በርሜል ነበራቸው። በአንዱ ላይ ሃያ፣ ንጉሡ ሠ፣ ሃምሳ። በሌላው ላይ አርባ ብቻ፤ ንጉሥ የለበትም። «የትኛውን ልቅዳልሽ፣ የመሪጌታ ልጅ? ስሱን ነው ወፍራሙን?» አሉኝ። ልናገር አፌን ስከፍት የታኅሣሥ ንፋስ በቀሚሴ ሥር ገባ። ቆም ብዬ አሰብኩ። ለብርድ ስስ ነገር ማን ይለብሳል? እማዬ ሲበርደኝ ወፍራሙን ጋቢ ነው የምትደርብልኝ። ያች ምስኪን መኪና ደጅ እያደረች እንዴት ስስ ይሰጧታል? ደግሞም አርባ ከሃያ ይበልጣል። የሚወለደው ወንድሜ ክርስትና የሚነሣውም በአርባ ቀኑ ነው፣ ደግ ቁጥር ነው አልኩ በልቤ። «ወፍራሙን፣ አርባውን» አልኳቸው።

ስመለስ አባዬ ጀሪካኑን ከፍቶ ጠብታውን በሁለት ጣቱ መሃል አሻሸ። «ወፈር አላለም? ንጉሡ ሠ አለበት?»

እውነቱን ብናገር ተመለሽ ሊለኝ ነው። ደግሞ የተሻለ አመጣሁ ብዬ ኮርቻለሁ። «አለበት። ብርዱ ነው ያወፈረው» አልኩት። አመነኝ። ፊደል ያስቆጠራት ልጁ ነኛ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእማዬ ምጥ ጠናባት። እትዬ ጥሩነሽ ከጓዳ ወጥተው «ይሄስ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ጎንደር አድርሷት፣ ቶሎ!» አሉ። ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኗል። የመኪና ያለህ የሚባልበት ዘመን ነው፤ አውቶቡሱ ወጥቷል፣ በሰፈሩ ሌላ መኪና የለም። አባዬ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ እንደታመመ በሬ አንዴ አቃሰተ፣ ሁለተኛ አቃሰተ፣ ከዚያ ዝም። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ዘይቱ አልተንጠባጠበም፤ እንደ ረጋ ማር ተንጠለጠለ። ዘንጉን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ምነው በመታኝ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ጎረቤቱ በቆርቆሮ ፍም እያመጣ ከሞተሩ ሥር አኖረ። ወንዶቹ ትከሻቸውን ሰጥተው «በል ግፋ! ሆ!» ይላሉ። ከውስጥ እማዬ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። እኔ ተንበርክኬ ፍሙን እፍ እላለሁ፤ አመዱ ዓይኔ ስለገባ ለምን እንደማለቅስ የጠየቀኝ የለም። ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ ሲቀልጥ ነው ሞተሩ የተነሣው። እማዬን በጋቢ ጠቅልለው ከፊት አስቀመጧት፣ እትዬ ጥሩነሽ ደግፈዋት በዳባት መንገድ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለየሁት። ሴቶቹ ደጃፍ ወጡ። ለወንድ ልጅ ሰባት እልልታ ነውና እኔ ልቆጥር ጣቶቼን ዘርግቼ ቆምኩ። ማንም እልል አላለም። እማዬ ባዶ ክንዷን እንደታቀፈች ወረደች። ወንድ ነበር። አርባ ቀን ቀርቶ አርባ ደቂቃም አልኖረም። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ሁለት ሰዓት ብትቀድሙ ይተርፍ ነበር አሉን» ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ሰዓት፣ ፍሙን እፍ ስል የቆየሁት ነው። አንዷ «መኪናዋን ምን ነክቷት ነው?» ብትል አባዬ ከሁሉ ቀድሞ «ባትሪው ነው» አለ። «ባትሪው ከዳኝ።»

በሳምንቱ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ያን ዘይት ሲያፈስ አጠገቡ ተንበርክኬ ነገርኩት። «ለብርድ ወፍራም ይሻላል ብዬ... እንደ ጋቢ...» ዘይቱ ጠቁሮ፣ ሳይቸኩል ይወርዳል።

«ጋቢ ለሰው ነው፣ የኔ እመቤት» አለ በመጨረሻ። «ሞተር በብርድ ስስ ነው የሚለብሰው።» ከዚያ ወጥቶ እጁን በአፈር እያሻሸ «ለእናትሽ ግን ባትሪው ነው። ለሁሉም ባትሪው ነው። ሰማሽ?» አለኝ።

ሰማሁ። እስኪያርፍ ድረስ ሁለተኛ አላነሣውም። ፒካፗን ሸጦ ሌላ ሥራ ሲይዝም፣ ሰው «መሪጌታ፣ ምነው መሪውን ጣልከው?» ሲለው፣ «ዓይኔ ደከመ» እያለ ያልፍ ነበር። ዓይኑ ምንም አልነበረበትም።

አሁን አርባ ልሞላ ትንሽ ነው የቀረኝ። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ አምቡላንስ በስልክ ይጠራል፣ የልጄ ፒካፕ ቁልፏን አንዴ ሲነኳት ትነሣለች። ዛሬ ፍም የሚያመጣም፣ ትከሻውን የሚሰጥም ጎረቤት አያስፈልግም፤ ቢያስፈልግስ ይገኝ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ዘመኑ ተሽሎታል፤ እኔ ነኝ ያልተሻለኝ። የልጄ ሚስት ወሯ ገብቷል። ወሩም ታኅሣሥ ነው። ጎህ ሲቀድ እነሣና አመዳዩን አያለሁ፣ ሞተሩ እስኪነሣ ትንፋሼን ውጬ እቆማለሁ። «ንጉሡ ሠ አለበት?» ስለው ልጄ «ኧረ እማ፣ ደግሞ ጀመረሽ! ኦሪጅናል ነው!» እያለ ይስቃል። ጽሑፉን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። አለበት ብላ የዋሸች ልጅ ማንን ታምናለች?

እማዬ እኔው ዘንድ ናት፤ አሁን ብዙም አታይም። ብርድ በመጣ ቁጥር ያን ባትሪ እንደ ሰው ትረግመዋለች። «ልጄን የበላ ባትሪ» ትላለች። የልጅ ልጇ ይስቅባታል፣ እኔ ተነሥቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ቅዳሜም ጀሪካኑን ታቅፌ ስቀመጥ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ትሞቅ ነበርና «ምን ያዝሽ?» አለችኝ።

«የዘይት ዕቃ ነው።»

«የልጁ ባትሪስ? ሚስቱን በመኪና ሊወስዳት አይደል። አደራ በይው፤ ባትሪ አይታመንም።»

«ባትሪው ምንም አላጠፋም፣ እማዬ።»

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «ምን አልሽ?»

ክዳኑን አጥብቄ ገጠምኩት። «ደኅና ነው አልኩሽ» አልኳት።