በሰኔ የታጠበ ቡሉኮ

ቁም ሳጥኑን ስከፍተው መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። ታምቆ የከረመ የጥጥ ልብስ ሽታ። ሐይቅ ዳር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጣና ሳይጠሩት ግድግዳ አልፎ የሚገባ ጎረቤት ነው፣ ሰኔ ሲሆን ደግሞ ከነጓዙ ይመጣል። የባለቤቴ ኮት አንገቱ ላይ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። የልጆቼ ሹራብ አንዱም አይሆናቸውም፣ እጅጌው ክርናቸው ላይ ይቀራል። ስሱን ልብስ ወደ ላይ፣ ወፍራሙን ወደ ታች፣ ለሰው የሚሰጠውን ለብቻ እያልኩ አልጋው ላይ ከመርኩና ክምሩ መሃል ተቀመጥኩ። ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። በየዓመቱ ክረምት ሲመጣ ይህን ሥራ እጀምረዋለሁ፣ በየዓመቱም ግማሹ ላይ ይደክመኛል።

እናቴ እንዲህ አትደክምም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። እንዳልዋሻችሁ፣ ትደክም ነበር። እሷ ግን ለድካም የምትቀመጥበት ክምር አልነበራትም፤ የቤቱ ልብስ ሁሉ በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ያልቃል።

በእኛ ቤት የክረምት ልብስ ማሰናዳት ማለት የአባቴን ጓዝ ማሰናዳት ማለት ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ የዜማ መምህር። በጋውን ባሕር ዳር ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ደብር ያገለግላሉ። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ግን ሐይቁ ውስጥ ወዳለች አንዲት የደሴት ገዳም ይሻገሩና እስከ መስከረም እዚያው ይከርማሉ። ትምህርት ቤት የተዘጋላቸው ዲያቆናት ከየአገሩ ተሰብስበው የክረምቱን ዜማ ይማሩባቸዋል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ከአባቴ አፍ ሲቀዳ እኔ ክረምቱን የማሳልፈው ያለ አባት ነበር። ገዳሟ ደግሞ ሴት አይገባባትም። እናቴ በትዳር በኖረችበት ዘመን ሁሉ ከዚያች ደሴት የምታውቀው ከዳር ሆና የምታየውን ጥቁር የዛፍ ጥላ ብቻ ነው።

ሥራዋ ሥርዓት ነበረው። ግንቦት ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትለግም፣ ሳጥኑ ወደ ግቢ ይወጣል። ነጩ ሁሉ በእንዶድ ይታጠባል፣ ድንጋይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በየእጥፋቱ አሪቲ ይገባበታል። የመጀመሪያው ደመና ከታየ በኋላ ወፍራም ልብስ ውሃ አይነካም። በተለይ ቡሉኮው። እኔ ሳልወለድ ከሐሙሲት ገበያ የተገዛ የአባቴ ቡሉኮ ነበር፤ ከጋቢም የወፈረ፣ ደርቆ እንኳ ለልጅ ትከሻ የሚከብድ። ውሃ ከጠጣ እንደ ጥጃ ይጎተታል፣ ለመጭመቅም ሁለት ሰው ይፈልጋል። ደሴቷ ላይ የሚያሞቃቸው እሱ ብቻ ስለሆነ ያለ እሱ አይሻገሩም።

እኔ ገና ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት አባቴን ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ያስላቸው ነበር። “ጉንፋን ነው” ይሉ ነበር። ግንቦት ላይ ግን ማኅሌት መሃል ዜማውን አቋርጠው መቀመጥ ጀመሩ፣ ሲተነፍሱም ደረታቸው ያፏጫል። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጥቷቸው ከብርድና ከእርጥበት እንዲርቁ ነግሯቸዋል። ከእርጥበት ይራቁ ተብለው ወደ ውሃ መሃል ሊሄዱ ነው።

“ዘንድሮ እንኳ ይቅርብዎ” አለቻቸው እናቴ፣ ምሳ እያቀረበች።

“ልጆቹ ይጠብቁኛል።”

“ይህችስ የማን ልጅ ናት?” አለች፣ በአገጯ እኔን እያመለከተች።

አባቴ አጎንብሰው እንጀራቸውን ቆረሱ። እሷም አልደገመችም፤ ከመሪጌታ ጋር ክርክር የሚገጥም ሰው ጥቅስ ይዞ ይምጣ ትል ነበር። በማግስቱ ግን ለጎረቤታችን ስትነግራት ከበር ኋላ ሆኜ ሰማኋት። “እዚያ ቢወድቁ አላስታምማቸው፣ ቢሞቱ አልቀብራቸው። እግሬ አይረግጥም። ከዳር ቁሜ ለዛፍ ላልቅስ?” አለች። ድምጿ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ነው አባት ሊሞት የሚችል ነገር መሆኑን ያወቅሁት።

ጀልባ ነጂው ነገ መጥቼ እወስድዎታለሁ ባለበት ቀን እናቴ ሳጥኑን ከፈተች። ቡሉኮውን አወጣች። በግንቦት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አሪቲው እንኳ እጥፋቱ ውስጥ እንዳለ ነው። አሪቲውን አራግፋ ቡሉኮውን ተሸከመችና ወደ ሐይቁ መንገድ ጀመረች። ተከተልኳት።

“እማ፣ ታጥቦ የለም ወይ?”

“ቆሽሿል።”

አልቆሸሸም። ሰማዩ በዘጌ በኩል ጠቁሮ ነበር፣ ነፋሱም የደንገሉን ራስ ወደ መሬት ያጎነብሰዋል። ቡሉኮውን ውሃ ውስጥ ነከረችው። ቀስ ብሎ ጠጣ፣ ከበደ፣ ሰጠመ። በእግራችን ረገጥነው። የእንዶዱ አረፋ እግሬን ይበላኝ ነበር፣ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ወጣ። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ “ምነው እህቴ፣ በሰኔ ቡሉኮ?” አለቻት። እናቴ “ረስቼው ነው እንጂ ቀድሜ ባጠብሁት” አለች። እናቴ የልብስ ነገር ረሳች ማለት አባቴ አቡነ ዘበሰማያትን ረሱ ማለት ነው። ሴቶቹም ገባቸው መሰለኝ፣ አንዷ ሳትጠየቅ ተነሥታ በአንድ ጫፍ ያዘችልንና ጨመቅነው። ጭመቃው ግን ለይምሰል ነበር፣ ውሃው እስከ ቤት ድረስ ተንጠባጠበብን።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቡሉኮው ገመዱን መሬት ሊያስነካው ደርሶ ተንጠልጥሏል። ቆመው አዩት። ለምን ታጠበ ብለው ቢጠይቁ እናቴ ትዋሻለች፤ እሳቸው ደግሞ በቤታቸው ሐሰት እንዲነገር አይወዱም። ስለዚህ ያን አልጠየቁም።

“ስንት ቀን ይፈጃል?” አሉ።

“እንደ ፀሐዩ ነው” አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

ጀልባ ነጂው በማግስቱ መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ ዝናቡ ያዘው። ቡሉኮውን ወደ ቤት አስገብተን ከምድጃው በላይ ሰቀልነው፣ ቤቱ እርጥብ ጥጥና ጭስ ሸተተ። አባቴ በሩ ሥር ተቀምጠው በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን እየመቱ ዜማ ያስተምሩኝ ጀመር። ስሳሳት አይቆጡም፣ ዝም ብለው ይደግሙልኛል። ሳሉ ሲመጣባቸው እጃቸውን ያነሡና ጠብቂኝ ይሉኛል፤ እጠብቃለሁ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዝናቡ እንዳያባራ እጸልይ ነበር።

“እማዬ፣ ምን ሆንሽ?” አልጋዬ ላይ ክምሩ መሃል እንደ ተቀመጥኩ ልጄ በሩን ከፍታ ታየኛለች። “ደክሞኝ ነው” አልኳት። ክምሩንና እኔን አይታ ሄደች። እርጂኝ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ለመጥራትም አቅም ይጠይቃል።

አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። እናቴ ቡሉኮውን ያላየች መስላ ጓዳ ለጓዳ ስትንጎዳጎድ አባቴ ራሳቸው አውርደው ግቢ ወስደው ገመዱ ላይ ዘረጉት። ቀኑን ሙሉ የሰኔ ፀሐይ አቃጠለው፣ እንፋሎቱ ሲወጣ ይታይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ነካሁት። ደርቋል። ሞቋል።

ጀልባ ነጂው ዘጠኝ ሰዓት ግድም መጣ። “መሪጌታ፣ ዲያቆናቱ ተሰብስበው ይጠብቁዎታል። ዛሬስ ደረቀልዎ?” አለ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆመች። የተቋጠረ ስንቃቸው እግሯ ሥር ነበር፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ማሰናዳቱን አልተወችም።

አባቴ ወደ ገመዱ ሄዱ። በቡሉኮው ላይ እጃቸውን አሳለፉ። ጠርዙን ገልበጥ አድርገው ዳሰሱት፣ መሃሉንም። ከዚያ ጉንጫቸውን አስነኩት። እናቴን አላዩዋትም።

“ገና እርጥብ ነው” አሉ።

ጀልባ ነጂው ቡሉኮውን አየ፣ እናቴንም አየ። “እንግዲያስ ሌላ መምህር ይፈልጉ ልበላቸው?” አለ።

“በላቸው።”

ሰውየው በሩን ሲወጣ እናቴ ሄዳ ቡሉኮውን ከገመዱ አወረደችና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችው። “ይሞቅዎታል” አለች። “ይሞቃል” አሉ አባቴ። እኔ ግን ሮጬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት ዛሬም አልለየሁትም። ሐሰት የማይወዱት አባቴ ያን ያሉት ማዶ ቢሄዱ እንደማይመለሱ ስላወቁ መሆኑ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ክረምቱን አብረን አሳለፍነው። አልዳኑም። ኅዳር ላይ ከነ ቡሉኳቸው አልጋቸው ላይ፣ እጃቸው በእናቴ እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። ሰው ሁሉ ሲያጽናናት “አንድ ክረምት ሰጥተውኛል” ትል ነበር።

የተቀበሩት እዚሁ በሚያገለግሉበት ደብር ግቢ ነው። እናቴ ቅዳሴ በወጣች ቁጥር መቃብሩ አጠገብ ቁጭ ትልና የቤቱን ወሬ ትነግራቸው ነበር፤ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ወለደ፣ እኔ ምን እንዳጠፋሁ። ሩቅ አይደለም። ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ በእግሯ ትሄድ ነበር።