የባዩሽ የስኳር ጣሳ

እኔ ጎማ የምጠግን ሰው ነኝ፤ ፖለቲካ አይገባኝም። ግን ከዊንጌት ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር፣ የጎሚስታዬ አጥር ከባዩሽ ሻይ ቤት ጋር አንድ ስለነበር ሳልፈልግ የውጭ ጉዳይ ስሰማ ኖሬአለሁ። ጎማ ስፈታ ራሺያ፣ ጎማ ስነፋ አሜሪካ። አቤት ያ ጊዜ!

ባዩሽ በልጅነቷ ከሱሉልታ ወርዳ፣ ሰው ቤት ሠርታ፣ ባሏ ሲሞትባት ያቺን የቀበሌ ቤት ሻይ ቤት አድርጋ ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነው። ቤቷ ውስጥ ግን ከእሷ በላይ ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም። ሥልጣኗ ደግሞ አንዲት የስኳር ጣሳ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ መሸሻ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጋሽ ዱጉማ የራሺያ ታንክ ሲጠግኑ ያረጁ የድሮ ወታደር። ሁለቱ በቴሌቪዥን የተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ ካዩ በቃ፣ አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቀ ሻዩ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ባዩሽ ምርር ሲላት ጣሳዋን አንስታ ጋሽ ዱጉማ ፊት አስቀመጠችና፣ ጣሳው ፊቱ ያለ ሰው ብቻ ይናገር አለች። ካነሳችው ዝም ነው። ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆኖ ቀረ። ጋሽ ዱጉማ ጣሳው ሲደርሳቸው፣ መሣሪያ የሰጠንና ያሠለጠነን ወዳጅ አይለወጥም፣ ከራሺያ ጋር የጦር ቃል ኪዳን እንሰር ይላሉ። ጋሽ መሸሻ ጋ ሲዞር ደግሞ፣ የሰው ጦርነት ውስጥ ጎትቶ የሚከተን ውል ምን ያደርግልናል፣ ከሁሉም ጋር በሰላም እንደር ይላሉ።

እሷ ለማን እንደምታደላ አንድም ቀን አልተነፈሰችም። ስጠይቃት እኔ ሥራዬ ስኳር ማቅረብ ነው ትለኛለች። ስንቴ አናደደችኝ መሰላችሁ።

በኋላ የወንዙ ክርክር መጣ። ጋሽ መሸሻ ለወንዝ ሟች ናቸው። ድሮ ልብስ እናጥብበት የነበረውን ውሃ ዛሬ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው አፋፉ ድረስ ስለሰፈርንበት ነው፣ በአገሩ ሁሉ የወንዝ ግራና ቀኙ በሕግ ይለቀቅ ይላሉ። ጋሽ ዱጉማ ደግሞ፣ ወንዙን የሚያቆሽሸው ደሃ አይደለም፣ መጀመሪያ ፋብሪካዎቹ ይጠየቁ እያሉ ይሟገታሉ። የሚከራከሩበት ቤት ራሱ ወንዝ ዳር መሆኑ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እኔንም ጨምሮ።

አምና ወረዳው ስብሰባ ጠራ። ደንብ ወጥቷል፣ የወንዝ ዳር ቤቶች ይነሳሉ፣ አስተያየት ያለው ይናገር ተባለ። የእኔ ጎሚስታ ወደ መንገዱ ስለሚጠጋ ለጥቂት ተረፈ። የባዩሽ ቤት ግን ከሚነሱት ውስጥ ነበር።

ጋሽ መሸሻ እጃቸውን አወጡ። ወንዙን የሚያቆሽሸው ደሃ አይደለም፣ መጀመሪያ ፋብሪካዎቹ ይጠየቁ አሉ። የጋሽ ዱጉማን ክርክር፣ ቃል በቃል! ጋሽ ዱጉማ ራሳቸው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን በሆዴ እሰይ፣ ይበሉ፣ ይጨምሩ እያልኩ ነበር።

ባዩሽ ከኋላ ተነሳች።

"ጋሽ መሸሻ፣ ይቀመጡ" አለች። "ያመኑበትን ስንት ዓመት ቤቴ ውስጥ ሰምቻለሁ። በእኔ የተነሳ ቃልዎን እንዳያጥፉ።"

"ባዩሽ፣ ቤትሽ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። እኔ ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ ሰነበትኩ። ምን ዓይነት እልኸኛ ሴት ናት! ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳትና ዕቃዋን አይሱዙ ላይ ስንጭን እንኳ በቅጡ አላናገርኳትም። ጣሳዋን እጄ ላይ አድርጋ ያዝልኝ አለችኝና ሄደች።

ዛሬ ቦታው ሣር ለብሷል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበታል፣ ውሃውም እንደ ድሮው አይሸትም። ያምራል፤ አልዋሽም። ጋሽ መሸሻ ክርክሩን አሸንፈዋል፤ አንድም ቀን ግን እዚያ ሲቀመጡ አላየሁም። ሁለቱም እኔ ጋ መጥተው አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። ጣሳውን መሀላቸው አድርጌ ሞክሬ ነበር፤ እኔ ሳነሳው ማን ይሰማኛል? ቀስ በቀስ ክርክሩም ቀረ። ደህና አደርክ፣ ደህና፣ ከዚያ መንገድ ማየት ብቻ። ያንን ጭቅጭቅ እንዲህ እናፍቃለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ።

ባለፈው ቅዳሜ ባዩሽ ለልጇ ሠርግ ነጠላ ልትገዛ ሽሮ ሜዳ መጥታ ኖሮ፣ በዚያው ብቅ አለች። ሽማግሌዎቹን ግራና ቀኝ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች፤ እኔን ጣሳውን አምጣ አለችኝ። የሻይ ምድጃዋ የነበረበት አካባቢ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ባዶውን ጣሳ ተቀብላኝ ለማናቸውም አልሰጠችም፤ የራሷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ተራው የእሷ ነበር። ሕጉን እናውቀዋለን።

"ናፍቃችሁኛል" አለች። "ቤቴም ናፍቆኛል፤ ሌሊት በሕልሜ በሩን እከፍታለሁ። ዛሬም ያ ስብሰባ ቢጠራ ግን ያንኑ ነው የምለው።"

ጋሽ መሸሻ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ባዩሽ ትንሽ ጠበቀቻቸውና ጣሳውን አንስታ ጋሽ ዱጉማ ፊት አደረገችው።

"በሉ" አለች፣ "ራሺያ ጋ ነበር ያቆማችሁት።"