ያላዞርኳቸው ሁለት ዙሮች

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ላይ፣ በማለዳው ብርድ ዶቅዶቄዬን ሳስነሳ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ የማውቀው ድምፅ መጣ። ጣሳ ውስጥ የገባ ጠጠር ሲንቀጠቀጥ ይመስላል። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል፤ ሰነፍ ሰው ታዲያ ጭራሹኑ የዳነ መስሎት ይረሳዋል። እኔ ግን ልረሳው አልችልም። ድምፁ የታይሚንግ ካቴናው እንዳለቀ ይናገራል፤ ለእኔ ደግሞ ከዚያ በላይ ይናገራል።

በሃያ ሦስት ዓመቴ ዳንግላ ውስጥ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ዶቅዶቄ ከእኔ በፊት ስንቱን እንደጣለች እግዚአብሔር ይወቅ። እሷን የሚያክሙልኝ ጋሽ ውበቱ ነበሩ፤ በቤታቸው ጓሮ በቆርቆሮ ዳስ ሥር የሚሠሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው። «ይህች ካቴና የፒስተኑንና የቫልቮቹን እርምጃ የምታስማማ ናት» አሉኝ አንድ ቀን። «ላልታለች። ጥርስ የዘለለች ዕለት መንገድ ላይ ታስቀርሃለች።» አዲስ ካቴና አስመጥተው በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡልኝ። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። ወጣት ነበርኩ፤ እስከሄደች ድረስ ደህና ናት ብዬ ነበር የማስበው።

የሰኔ ሚካኤል ደረሰ። በእኛ አገር ከብት ለመከተብ ከበዓል የተሻለ ቀን አይገኝም። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ያሳርፋል፤ ከቅዳሴ በኋላ ከብቱን ነድቶ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ሜዳ ይሰበሰባል። ዳገት ላይ ባለች አንዲት ቀበሌ አባ ሰንጋ ገብቶ በሬ መግደል ጀምሮ ነበር። በዋዜማው እትዬ ጥሩ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ቢሮ ድረስ መጡ። እግራቸው በቀይ ጭቃ ተለውሷል።

«አንዱ በሬዬ ትናንት ወደቀ» አሉኝ። «አንዱ ቀርቶኛል። እሱን ይዤ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ አሳርሳለሁ። እሱም ከሄደ ግን ምን ይውጠኛል ልጄ?»

«ነገ ከቀትር በፊት እደርሳለሁ» አልኳቸው።

በበዓሉ ጠዋት ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አድርጌ ወጣሁ። ገና ከከተማው ጫፍ ሳልርቅ ዶቅዶቄዋ ሁለቴ ተኩሳ ጸጥ አለች። ጋሪ ያን ዳገት አይወጣም፤ ሚኒባስም ወደዚያ አይሄድም። እየገፋሁ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ ጋሽ ውበቱ ግቢ ደረስኩ። ከቅዳሴ ተመልሰው ጋቢያቸውን ለብሰው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ካቴናዋ ጉድ ሠራችኝ።»

«ዛሬ ሚካኤል ነው ዮናስ። ብረት አልነካም።»

መለመን አልደፈርኩም። በዓል የተሻረ እንደሆነ በረዶ ወርዶ ማሳ ይመታል ተብሎ እንደሚፈራ አውቃለሁ። እሳቸውም ከከተማው ዳር ገና ብቅ ያለ ገብስ ነበራቸው። የበረዶ ሣጥኑን አዩት፤ በእንጅባራ በኩል የሚከማቸውን ደመናም አዩ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«አንተ ጴንጤ አይደለህ? አንተ ብትሠራ ማን ይቀየምሃል! መፍቻውን አንሳ። እኔ በአፌ እሠራለሁ።»

በሕይወቴ ሞተር ፈትቼ አላውቅም። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንዳጣጠፉ ይናገራሉ፤ እኔ እፈታለሁ። የተቃጠለ ዘይት በክንዴ ላይ ይወርዳል። «ቀስ! ያች ብሎን ሆዷ ውስጥ ከገባች ዛሬም ነገም አትሄድም!» ይላሉ። አሮጌዋ ካቴና ስትወጣ እንደ ክር ተልፈሰፈሰች። አዲሷን አስገብቼ የታችኛውን ምልክት ከምልክቱ፣ የላይኛውን ከምልክቱ አገጣጠምኩ። ሣጥኑን ገለጥ ሳደርግ በረዶው ግማሹ ውሃ ሆኗል።

«አሁን በመፍቻ ቀስ እያልክ ሁለት ዙር አዙራት» አሉኝ። «ምልክቶቹ ተመልሰው ከተገጣጠሙ እናስነሳታለን። ካልተገጣጠሙ ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጭና አለቀላት።»

በዚህ መሃል ጎረቤታቸው የበዓል ዳቦ ይዛ ከአጥሩ ማዶ ጠራቻቸው። ተነሥተው ሄዱ። እኔ ሰማዩን አየሁ፣ ሣጥኑን አየሁ፣ ሳላዞር ክዳኑን ገጠምኩት።

«አዞርክ?» አሉ ሲመለሱ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሁለቴ?»

«ሁለቴ።»

ማስነሻውን ረገጥኩ። እግሬ መሃል ላይ ድንጋይ የረገጠ ያህል ተያዘ፤ ከውስጥ ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ።

«ቁም! አትርገጥ!» ብለው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ያኔ ነበር። ነገር ግን እሳቸው ቀደሙኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በደንብ አልነገርኩህም። የአፍ ሥራ ይኸው ነው።»

ዝም አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማፍረው በውሸቱ ሳይሆን በዚያ ዝምታ ነው።

እንደገና ፈታሁት። ካቴናዋን ስጎትት የታችኛው ጥርስ ሸርተት ብሎ ኖሯል። እንዳይንሸራተት ሌላ ሰው በመፍቻ ጥርቅም አድርጎ መያዝ አለበት፤ የእኔ ሁለት እጅ አይበቃም። ግቢው ውስጥ ደግሞ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። ጋሽ ውበቱ ወደ ጠቆረው ሰማይ ቀና አሉ። አማተቡ። ከዚያ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው መፍቻውን ያዙ።

የመጨረሻዋን ብሎን እስካጠብቅ መፍቻውን አልለቀቁም። በዚህ ጊዜ አዞርኩ፤ ሁለቴ፤ ምልክቶቹም ገጠሙ። እንደ ዕድል ቫልቮቹ አልተጎዱም፤ በሦስተኛው እርግጫ ተነሣች። እጃቸውን በአመድ እያሹ «ሂድ፣ ዝናቡ ሳይቀድምህ» አሉኝ።

ስደርስ በሣጥኑ ውስጥ ጭብጥ የማትሞላ በረዶ ቀርታለች። እትዬ ጥሩ በሬያቸውን ይዘው ከሁሉ ፊት ቆመው ነበር። የመጨረሻዋን ጥጃ ስወጋ ዝናቡ ወረደ። ያን ክረምት ሙሉ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ሲያንኳኳ በሰማሁ ቁጥር፣ በዓል የማላከብረው እኔ ለጋሽ ውበቱ ገብስ ስጸልይ ከረምኩ። ማሳቸው ተረፈ።

እነሆ ባለፈው ሳምንት ያችን ድምፅ ሰምቼ ዳንግላ ወረድኩ። ጋሽ ውበቱ አርጅተዋል፤ ግን ያው ዳስ ሥር ናቸው። ካቴናዬን ቀይረው ክዳኑን ሳይገጥሙ ተራ ለሚጠብቅ አንድ ደንበኛ ጠቆሙኝ። «ምስክሬ ይሄ ነው። አንድ የሚካኤል ዕለት በአፌ ሳሠራው፣ አጥርቼ ሳልነግረው ቀርቼ ሞተሩን ላስፈጀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሰው ስነግር ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የምናገር።»

ለካ ጥፋቴን ይህን ሁሉ ዓመት የራሳቸው አድርገው ሲያወሩት ኖረዋል። ዕድሜ ሲገፋ ውሸት የሚረሳ ይመስለኝ ነበር። አይረሳም፤ ሌላ ሰው ይሸከመዋል እንጂ።

«ጋሼ» አልኩ። «ያን ቀን በደንብ ነግረውኛል። እኔ ነኝ ያላዞርኩት።»

የያዙትን መፍቻ መሬት ላይ አኖሩ። «አንድ ጊዜም?»

«አንድ ጊዜም።»

«የሴትዮዋ በሬስ?»

«ያን ክረምት አረሰ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መፍቻውን አንሥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«በል አሁን አዙር። ሁለቴ። ዛሬ ዳቦ ልቀበል አልሄድም።»

አዞርኩ። እሳቸው ጮክ ብለው ቆጠሩ።