የወንድሜ ነጣ ያለች ወርቅ

ሰማንያ ስምንት ክረምት ላይ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ልብስ ላሰጣ ብወጣ ከወጥ ቤታችን በር ስር ቡናማ ጭስ ይወጣል። የእንጨት ጭስ አይደለም... ጉሮሮ ይቧጥጣል።

«ደረጀ! ምን እያቃጠልክ ነው?»

«ሂጂ ከዚህ! በሩን እንዳትከፍቺ!» አለኝ ከውስጥ እያሳለ።

ደረጀ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጦሩ ሲበተን ሻኪሶ ወርዶ ወርቅ ሲቆፍር ከረመና መካኒሳ አቦ ወዳለው ቤታችን ተመለሰ። ይዞ የመጣው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ወርቅ ብቻ ነው። ለእጮኛው ለሂሩት ቀለበት ሊያሠራባት።

ችግሩ... ወርቋ ነጣ ትላለች። ወተት የገባባት ነው የምትመስለው። የሂሩት አክስት ሰው ፊት አገላብጣ አየቻትና «ይሄማ ነሐስ ነው» ብላ ሳቀች። ደረጀ ወርቋን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ያን ቀን ግን እህል አልቀመሰም።

በማግስቱ እኔን አስከትሎ የሰፈራችን ወርቅ ሠሪ ጋሽ ሰይፉ ጋ ሄደ። ጋሽ ሰይፉ በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጓት፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተጓት፣ በመዶሻ መቷት። አልተሰበረችም... ጠፍጠፍ አለች።

«ነሐስ እንዲህ አይከብድም። ወርቅና ብር ነው። ሰው አይደለም የቀላቀለው፣ መሬት ውስጥ አብረው ነው የተፈጠሩት። ብሩ ስለሚበልጥ ነጣች» አሉ።

«ብሩ አይወጣላትም?»

«በአሲድ ይወጣል። ብሩ ይሟሟል፣ ወርቁ ይቀራል። ግን ጭሱ ክፉ ነው ልጄ፣ ሜዳ ላይ ነው የሚሠራው። ተዋት እዚህ፣ ዝናቡ ሲያባራ እሠራልሃለሁ።»

ደረጀ ግን ያቺን ወርቅ ለማንም ጥሎ አይሄድም። ቀጥቅጠው እንዲያሳሱለት ብቻ ለመናቸው። አሲዱን ከየት እንዳገኘ እስካሁን አላውቅም። ጎረቤት እንዳያይበት ብሎ ነው ወጥ ቤት ገብቶ የዘጋው።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ትንሽ ቆይቶ ተሻለው፣ ምሳም በላ። እንደውም «ሂሩት አክስቷን ይዛ ትምጣ!» ብሎ ቀለደ።

ወደ ማታ ትንፋሽ አጠረው። መተኛት አቅቶት ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ከንፈሩ ጠቆረ... ታክሲ ለምነን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ «የሳበው ጭስ ነው፣ ሳንባው ውሃ ሞልቷል» አለን።

ሳይነጋ አረፈ።

በሠልስቱ ጋሽ ሰይፉ ድንኳን ገብተው ሲያለቅሱ ቆዩ። ከዚያ እኔና እማዬ አጠገብ መጥተው ቁጭ አሉ።

«የሠራበት ብርጭቆ የት አለ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወርቁ ከስሩ ይዘቅጣል። ቡናማ ጭቃ ነው የሚመስለው፣ እስኪቀልጥ ድረስ ማንም ወርቅ ነው አይለውም። አቅልጬ ለናንተ ልስጥ ብዬ ነው...»

ብርጭቆውን ያጠበችው እማዬ ናት። የቡና አተላ መስሏት ሽንት ቤት ደፍታዋለች።

ይህን ስትነግራቸው ጋሽ ሰይፉ ራሳቸውን ያዙ። ሂሩት ጥቁሯን ለብሳ ማዶ ተቀምጣለች... ሰምታለች፣ ቀና አላለችም።

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና «እንኳን ደፋሁት» አለች።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ወርቅ ያደረገ ሰው የለም።